ሰማንያ አራት ቢሊዮን ሲካፈል

በዚህ ዓምድ ስለ ቁጥር ጠባይ በምንጽፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ትንንሾቹን አኃዞች ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ቁጥር በጣት ይቆጠራል፥ በጠጠር ይመሰላል፥ ለልጅም ለዐዋቂም እኩል ይገባል። የዛሬው ቁጥራችን ግን ትልቅ ነው። በአኃዝ ሲጻፍ 84,000,000,000 ይሆናል፤ በአፍ ሲነገር ሰማንያ አራት ቢሊዮን ይባላል። ከእርሱ የሚበልጡ ቁጥሮች ሞልተው ሳሉ ይህን የመረጥነው ስለ ትልቅነቱ አይደለም። በካርቱም ተጋጥሞ ወደ ሰሜን የሚወርደውን የዓባይን ውሃ ለማካፈል የተያዘ ቁጥር ስለ ሆነ፥ አከፋፈሉንም እርሳስ ይዞ የተከተለ ሰው ያልጠበቀው ነገር ስለሚያጋጥመው ነው። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ፤ ልጆችም ቢኖሩ ከጎናችሁ ይቀመጡ።

በመጀመሪያ የቁጥሩን መጠን እንመዝን። አንድ ቢሊዮን ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው። አንድ ሰው ምግቡንና እንቅልፉን ትቶ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እየጠራ 84 ቢሊዮን እስኪደርስ ቢቆጥር 2,661 ዓመት ከ9 ወር ይፈጅበታል። ዛሬ ቆጠራውን የሚፈጽም ሰው ቢኖር፥ የጀመረው ከካርቱም በስተሰሜን በናፓታ የኩሽ ነገሥታት ይገዙ በነበረበት ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መሆን ነበረበት። ለመጻፍ ግን የአባቶቻችን የግዕዝ አኃዝ ያቀለዋል። እልፍ አሥር ሺህ ስለ ሆነ እልፍ ጊዜ እልፍ መቶ ሚሊዮን ይሆናል፤ 84 ቢሊዮን ደግሞ የዚህ ስምንት መቶ አርባ እጥፍ ነውና ፰፻፵፼፼ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮ ያለው አጻጻፍ አሥራ አንድ ቦታ የሚይዘውን፥ ዜሮ የሌለው አጻጻፍ በአምስት ምልክት ይጨርሰዋል።

የሚቆጠረው ነገር ሜትር ኩብ ነው። ይኸውም ቁመቱ፥ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ የሚይዘው ውሃ ማለት ነው፤ ሺህ ሊትር፥ ወይም ሁለት መቶ ሊትር በሚይዘው በርሜል አምስት በርሜል ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ጓሮው ውስጥ ሊያስቀምጠው የሚችል ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ዘጠኙ ዜሮዎች ሲቀጠሉለት ነው።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ በጉባ በኩል የሚወርደው ጥቁር ዓባይና፥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ ረግረጉን አቋርጦ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙት በዚያ ነው። ሱዳኖች የመጋጠሚያውን ቦታ አል-ሞግራን ይሉታል። በአጠገቡ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች፤ በዙሪያውም ካርቱም፥ ኦምዱርማንና ካርቱም ሰሜን የሚባሉት ሦስት ከተሞች በሦስት አቅጣጫ ይተያያሉ። እኛ ጥቁር የምንለውን ወንዝ ዐረቦቹ አዝረቅ፥ ማለትም ሰማያዊ ይሉታል፤ በክረምት ከደጋችን አፈር ጠርጎ ሲወርድ ያየው ሰው ግን ከሁለቱም ስሞች ይልቅ ቡናማ ሊለው ይዳዳዋል። በ2015 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ዕለት፥ ሚያዝያ 7 ቀን በተነሣው ጦርነት ሦስቱም ከተሞች እጅግ ተጎድተዋል፤ ብዙ ዘመን በዚያ የኖሩ የሀገራችን ልጆችም ዕቃቸውን ጥለው በመተማ በኩል ገብተዋል። ወንዞቹ ግን በዚያም ሰሞን በቦታቸው ይገናኙ ነበር።

ከሁለቱ ትልቁን ውሃ የሚያመጣው የእኛው ነው። ጥቁር ዓባይ በአማካይ በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ወደ ካርቱም ሲያደርስ፥ ነጭ ዓባይ የሚያደርሰው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በነበረው የተፈጥሮ ልማድ፥ በነሐሴ ወር ጥቁሩ ሞልቶ ሲመጣ ነጩን ወደ ኋላ ገፍቶ ያቆመው ነበር። ከካርቱም በስተሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ከተሄደ በኋላ ተከዜን የጨመረው የአትባራ ወንዝ ይቀላቀላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1900 እስከ 1959 በነበሩት ስድሳ ዓመታት አስዋን ላይ የደረሰው ውሃ ተደምሮ፥ ለዓመታቱ ተካፍሎ፥ ተጠጋግቶም 84 ቢሊዮን ተባለ።

እንግዲህ 84 ቢሊዮን አማካይ ነው። አማካይ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል በቤተሰብ ማየት ይቻላል፤ አባት 40 ዓመት፥ ልጅ 4 ዓመት ቢሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን 22 ዓመት የሞላው ሰው የለም። ዓባይም እንዲሁ ነው። በ1905 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ስለ ከዳ በዚያ ዓመት የወረደው ውሃ ከአማካዩ ግማሽ ብዙ የማይበልጥ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ውሃው ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ የቱቲን ቤቶች ስላጥለቀለቀ የሱዳን መንግሥት የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። ዘጠኙ ዜሮዎች እውነተኛ ዜሮዎች አይደሉም፤ ለመጻፍ እንዲመች የተቀመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ መንግሥታት ፊርማቸውን ያኖሩት በተጠጋጋው ቁጥር ላይ ስለ ሆነ፥ እኛም እንደ ሙሉ ቁጥር ይዘን ጠባዩን እንመርምር።

84 ለመካፈል እጅግ የሚመች ቁጥር ነው። በመርካቶም ሆነ በኦምዱርማን ገበያ ብርቱካን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የሚቆልል ነጋዴ ከታች 28፥ በላዩ 21፥ በላዩ 15፥ ከዚያ 10፥ 6፥ 3፥ በጫፉ ላይም 1 ቢያስቀምጥ ሰባት ደርብ ያለው ቁልል ይሆንለታል፤ ሲደመርም 84 ብርቱካን ነው። እንዲሁም 1፥ 3፥ 5ና 7 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ፥ ይኸውም 1 እና 9 እና 25 እና 49፥ ያው 84 ይመጣል። ለምንም ሳይተርፍ የሚያካፍሉት አሥራ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ልጆች ፈልጉና አግኟቸው። ዘጠኙ ዜሮዎች ሲጨመሩ ደግሞ አካፋዮቹ ይበዛሉ። ቁጥሩን እስከ ብቸኛ ቁጥሮች ድረስ ብንበትነው፥ ብቸኛ ማለታችን እንደ 2፥ 3፥ 5፥ 7 ያለውን ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ነው፥ 84 ቢሊዮን ውስጥ 2 አሥራ አንድ ጊዜ፥ 5 ዘጠኝ ጊዜ፥ 3 አንድ ጊዜ፥ 7 አንድ ጊዜ ይገኛሉ። የአካፋዮቹን ብዛት ለማወቅ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጨምሮ ማባዛት ነው፤ 12 ጊዜ 10 ጊዜ 2 ጊዜ 2፥ እርሱም 480 ይሆናል። ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ያለ ቀሪ ያካፍሉታል፤ 9 እምቢ ይላል፤ 10 ይስማማል። የዓባይ ተፋሰስ አገሮች ግን 11 ናቸው፤ ለዐሥራ አንዱ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 7,636,363,636 ሜትር ኩብ ደርሶ 4 ሜትር ኩብ ይተርፋል። ሃያ በርሜል ውሃ ነው፤ በዚህስ የሚጣሉ አይመስለንም።

አሁን የታሪኩ ሁለተኛ ቁጥር ይመጣል። ግብፅ በአስዋን ከፍተኛውን ግድብ ለመሥራት ባሰበች ጊዜ፥ በበረሃው ፀሐይ ከሐይቁ ላይ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተኖ እንደሚጠፋ ተገመተ። ስለዚህ ከ84 ላይ 10 ሲቀነስ 74 ቢሊዮን ቀረ። በዓይን ሲታይ ሁለቱ ቁጥሮች ይመሳሰላሉ፤ በጠባይ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። 84 የ4፥ የ3ና የ7 ብዜት ነበር፤ 74 ግን የ2ና የ37 ብዜት ነው። ተለያይተው ይኖሩ የነበሩት 3ና 7 ጎን ለጎን ቆመው 37 የሆኑ ይመስላል። 37 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ አይበተንም። የአካፋዮቹም ብዛት ከ480 ወደ 220 ወረደ። ፀሐይዋ ከውሃው ስምንተኛውን እጅ ያህል ስትወስድ፥ ቁጥሩን ለማካፈል ከሚያመቹት አካፋዮች ግን ከግማሽ በላይ ወስዳለች።

ይህን 37 ትንሽ እንጫወትበት፤ ኋላ ያስፈልገናልና። በ3 ሲባዛ 111፥ በ6 ሲባዛ 222፥ በ15 ሲባዛ 555 ይሆናል። ሦስቱም አኃዝ አንድ ዓይነት የሆነ ማናቸውንም ቁጥር ውሰዱ፤ አኃዞቹን ደምሩ፤ ቁጥሩንም በድምሩ አካፍሉ፤ ሁልጊዜ 37 ይመጣል። ለምሳሌ 555ን በ15 ማካፈል ነው። ሌላም ጠባይ አለው። 185 የ37 አምስት እጥፍ ነው። የፊተኛውን 1 አንሥታችሁ ወደ ኋላ አድርጉት፤ 851 ይሆናል፤ እርሱም የ37 ሃያ ሦስት እጥፍ ነው። አሁንም 8ን ወደ ኋላ ውሰዱት፤ 518 ይመጣል፤ ይህም ዐሥራ አራት እጥፍ ነው። ባለ ሦስት አኃዝ የ37 ብዜት ሁሉ እንዲህ ቢዞር ከ37 ቤት አይወጣም። ምክንያቱ 999 የ37 ሃያ ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው፤ የፊተኛውን አኃዝ ወደ ኋላ ማዞር ቁጥሩን በ10 አባዝቶ፥ 999ን የተነሣው አኃዝ ያለውን ያህል ጊዜ መቀነስ ማለት ነውና።

555ንና 185ን ለምሳሌ ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብፅ በደብዳቤ ልውውጥ በተስማሙበት ሥርዐት ግብፅ 48 ቢሊዮን፥ ሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳቸው ነበር፤ ይኸውም ዐሥራ ሁለት ለአንድ ነው። የቀረው 32 ቢሊዮን ወደ ባሕር ይፈስስ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፥ ጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። ከ84 ላይ የቀድሞዎቹ 48ና 4፥ በትነት የሚጠፋውም 10 ሲቀነሱ 22 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 14.5 ለሱዳን፥ 7.5 ለግብፅ ሆነ። ስለዚህ የግብፅ ድርሻ 55.5፥ የሱዳን ድርሻ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሆኖ ጸና። አኃዞቹን ተመልከቱ። 555ና 185! ሁለቱም የ37 ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው፥ ቅንጣትም አያጓድልም። ዐሥራ ሁለት ለአንድ የነበረው ሦስት ለአንድ በመሆኑ ለካርቱም ታላቅ ማሻሻያ ነበር። ሱዳንም ዋጋ ከፍላለች፤ የአስዋን ሐይቅ ወደ ኋላ ተመልሶ የዋዲ ሐልፋን ከተማና የኑባውያንን መንደሮች አሰጠመ። 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተነሥቶ በአትባራ ወንዝ ዳር ኻሽም አል-ጊርባ ወደሚባለው ቦታ ተወሰደ፤ ግብፅም 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሣ ከፈለች። ለእያንዳንዱ ነፍስ ቢካፈል 300 ፓውንድ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ ማካፈል ያለ ቀሪ ቢያልቅም የቴምር ዛፋቸው ሥር የተቀበሩትን አባቶቻቸውን በሒሳቡ ውስጥ ማግባት አይቻልም።

ከውሉ አንቀጾች ለቁጥር ወዳጅ ከሁሉ የሚያስገርመው ስለ ሌሎች አገሮች የተጻፈው ነው። ሌሎች የተፋሰሱ አገሮች ድርሻ የጠየቁ እንደ ሆነ ግብፅና ሱዳን በአንድ ሐሳብ ሆነው ይመረምራሉ፤ ለሌላው ይሰጥ የሚባል መጠን ቢኖርም ከሁለቱ ድርሻ ላይ እኩል በእኩል ይቀነሳል ይላል። እኩል በእኩል የሚለው ቃል ለጆሮ ደስ ያሰኛል። ፍርድ ያለበት ይመስላል። ሒሳቡን ግን በእንጀራ እንሥራው።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መሶብ ቀርበዋል፤ ለታላቁ ሦስት እንጀራ፥ ለታናሹ አንድ እንጀራ ደርሶታል። እንግዳ መጣ፤ አንድ እንጀራም ይበቃዋል ተባለ። እናታቸው «እኩል አዋጡለት» ብትል እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ይቆርሳሉ። ታላቁ ሁለት ተኩል ይቀረዋል፤ ታናሹ ግማሽ። ሦስት ለአንድ የነበረው አምስት ለአንድ ሆነ። ሁለተኛ እንግዳ ቢጨመር ታላቁ አንዱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት እንጀራ ይቀመጣል፤ ታናሹ ደግሞ ያለችውን አንዲት እንጀራ ሰጥቶ ባዶ መሶብ ይመለከታል። በየቤታችን እናቶች እንዲህ አያዝዙም፤ «ብዙ ያለህ ብዙ ቁረስለት» ነው የሚሉት።

እንጀራውን ወደ ውሃ እንመልሰው፤ አንድ እንጀራ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በላይ ለሚገኙት አገሮች ለሁሉም በጠቅላላው ሱዳን የተሰጣትን ያህል፥ 18.5 ቢሊዮን ቢፈቀድላቸው ከሁለቱም 9.25 ይነሣል። ግብፅ 46.25 ይቀራታል፤ የተነሣባት ስድስተኛው እጅ ብቻ ነው። ሱዳን 9.25 ይቀራታል፤ የተነሣባት ግማሹ ነው። 46.25 የ9.25 አምስት እጥፍ መሆኑን አባዝታችሁ አረጋግጡ። ለላይኞቹ የተፈቀደው የ74 ግማሽ፥ 37 ቢሊዮን ቢሆንስ? ከሁለቱም 18.5 ይነሣል፤ ግብፅ በ37 ትቀራለች፤ ሱዳን በዜሮ። ያ የማይበተነው 37 በመጨረሻ ብቻውን ቆሞ የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። በድርሻቸው ልክ፥ ሦስት እጅና አንድ እጅ ሆኖ እንዲቀነስ ተጽፎ ቢሆን ግን፥ ለ18.5 ግብፅ 13.875፥ ሱዳን 4.625 አዋጥተው 41.625ና 13.875 ይቀራቸው ነበር፤ ሦስት ለአንድነቱም ባልተናጋ ነበር።

ከዚህ የሚወጣውን በአጭሩ እንጻፈው። ከሁለቱ ላይ እኩል መጠን እየቀነሱ ሦስት ለአንድን መጠበቅ የሚቻለው የሚቀነሰው ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ከዜሮ የምትበልጥ አንዲት በርሜል እንኳ ብትነሣ ልኩ ይዛባል፤ የሚዛባውም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፥ በታናሹ ላይ ነው። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው ያማረ ቁጥር እንዳማረ የሚቆየው በላይ ያሉት አገሮች ምንም እንዳልተሰጣቸው እስከ ቀሩ ድረስ ነው። ካርቱም የደጋውን አገር ጥያቄ በፍርሃት እንድትመለከት የሚያደርጋት የወንዙ ጠባይ ሳይሆን ይህ የመቀነስ ደንብ ነው ብንል ሒሳቡ ይመሰክርልናል። ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የገዚራ እርሻ ከ2 ሚሊዮን ፈዳን በላይ ነው፤ የሚጠጣውም ጥቁር ዓባይን ነው፤ ከሱዳን ድርሻ ላይ ግማሹ ይነሣል የተባለ ዕለት የገዚራ ገበሬ የሚያስበውን መገመት አያስቸግርም።

በምሳሌያችን ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባል፤ ሰውዬውን እንግዳ ያልነው ነገሩን ለማቅለል ነው እንጂ፥ ጤፉን ያመጣው እርሱ ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 86 እጅ ያህሉ በጥቁር ዓባይ፥ በባሮና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ የሚወርድ ነው። 84ን በ86 ለማባዛት ቀላል መንገድ አለ። በመካከላቸው ያለው 85 ነው፤ 85 በራሱ ሲባዛ፥ 8ን በሚቀጥለው በ9 አባዝቶ 72 ጽፎ 25ን መቀጠል ነውና 7,225 ይሆናል፤ ከዚያ 1 ሲነሣ 7,224። ስለዚህ ከ84 ቢሊዮን ውስጥ 72 ቢሊዮን ከሩብ ገደማ የኢትዮጵያ ዝናብ ነው። በ1921ም ሆነ በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ተዋዋይ አልነበረችም፤ በውሎቹም ውስጥ ስሟ ፊት የተጻፈ መጠን የለም። ሰባ ሁለት ያህል ለሰጠ ዜሮ የሚያደርስ ማካፈል በየትኛውም የሒሳብ መጽሐፍ ማካፈል አይባልም።

አሁን አንባቢዎቻችን ሳይጠይቁን ስለማይቀሩት ነገር እንናገር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲሞላ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ካይሮና ካርቱም የተካፈሉት 74፥ ጉባ ላይ የሚጠራቀመውም 74! አጋጣሚው ያስደንቃል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት 220 አካፋዮች አሏቸው፤ ሁለቱም የ37 ልጆች ናቸው። ነገር ግን ቁጥር ያለ መለኪያው ግማሽ ቃል ነው። የውሉ 74 «በዓመት» የሚል ቃል ይከተለዋል፤ እንደ ደመወዝ ነው፥ በየዓመቱ ይመጣል፥ በየዓመቱ ይወጣል። የግድቡ 74 ግን እንደ ጎተራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ የገባው ያህል በተርባይኑ በኩል እየወጣ መብራት ሰጥቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በወር ሺህ ብር የሚያገኝን ሰው፥ ሺህ ብር በሣጥን ካለው ሰው ጋር እኩል ነው የሚል ልጅ ቢኖር አስተማሪው ቀይ ምልክት ያደርግበታል። ይህን ስሕተት ግን ስለ ዓባይ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ ዐዋቂዎችም ሲሠሩት ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሰነዶች ቁጥር መጻፍ ትተዋል። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፥ የሱዳንና የግብፅ መሪዎች ስለ ግድቡ የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ የተፈረመው በዚያው በካርቱም ነው፤ በውስጡ ሚዛናዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚል ቃል አለ፥ የድርሻ መጠን ግን የለበትም። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ ለፊርማ የቀረበውና ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍም እንዲሁ ነው፤ ግብፅና ሱዳን አልተቀበሉትም። ሒሳብ ወዳዶች እንደ መሆናችን ቁጥር የሌለበት ሰነድ ሲያጋጥመን ቅር ይለናል። በሌላ በኩል ደግሞ በአማካይ ላይ የተመሠረተ፥ ተጠጋግቶ የተጻፈ፥ በዝናብ እጥረት ዓመት ማንም ሊያስረክበው የማይችል ቁጥር ምን እንዳደረገ አይተናል። የሚሻለው ምናልባት ከቁጥር በፊት የመቀነሻውንና የመደመሪያውን ደንብ በጋራ መጻፍ ነው፤ ዓመቱ ሲጎድል ማን ምን ያህል ያጣል፥ ሲሞላስ ማን ምን ያህል ያገኛል የሚለውን። ለዚያ ደግሞ እርሳስ ከያዙት ሰዎች መካከል ዝናቡ የሚዘንብበት አገር ሰው መኖር ይገባዋል።

ለልጆች አንድ ጥያቄ እንተዋለን። ከግብፅ 55.5 ላይና ከሱዳን 18.5 ላይ እኩል በእኩል ተቀንሶ፥ የግብፅ ቀሪ የሱዳን ቀሪ አራት እጥፍ እንዲሆን ከእያንዳንዳቸው ስንት ቢሊዮን ሜትር ኩብ መነሣት አለበት? ሦስትን ያገኘነው ምንም ሳንነካ ነበር፤ አምስትን ያገኘነው 9.25 ስናነሣ ነው። መልሱ የሁለቱ መካከል ነው ብሎ 4.625 የሚጽፍ ልጅ ይኖራል፤ አንሥቶ ቢሞክረው ግን አራት እጥፍ እንዳልሞላ ያገኘዋል። ትክክለኛውን መንገድ የያዘው ደግሞ ከነጥቡ በኋላ አንድ ጊዜ 1 ጽፎ፥ ከዚያ 6ን እየደጋገመ መጻፍ ይጀምርና ወረቀቱ ስለሚያልቅበት፥ ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ ቶሎ ደርሰው በክፍልፋይ እንዲጽፈው ያስተምሩት።